ቤቱ ተሸጠ፤ ዕዳውስ?

የሐራጅ ማስታወቂያ ሰንጠረዥ ነው። የመጀመሪያው ዓምድ «የተበዳሪው ስም» ይላል፤ ቀጥሎ «የመያዣ ሰጪው ስም» ይመጣል። ከዚያ ንብረቱ የሚገኝበት ከተማና ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ በመጨረሻም ቀኑና ሰዓቱ። አዲስ አበባ ውስጥ «አዲስ ዘመን»ን ወይም «ሪፖርተር»ን የሚያነብ ሰው ይህን ገጽ ገልብጦ ያልፈዋል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከተማ በሆነችው አሶሳ ግን እንዲህ አይደለም። ነጋዴ በአባቱ ስምና በሱቁ በሚታወቅባት ከተማ፣ ከሰንጠረዡ በአንዱ መስመር ላይ «አሶሳ» የሚል ቃል ከወጣ ጋዜጣው ሳይደርስ ፎቶው በስልክ ይደርሳል።

የሚሸጠው ግቢ ብዙ ጊዜ ሰው ዕድሜውን ያፈሰሰበት ነው። የአሶሳ ግቢ ማንጎ አያጣም። ባለቤቱ ዛፉን ተክሎ ከጥላው ሥር ልጆች አሳድጓል፤ ወደ መንገዱ በኩል ሁለት ክፍል ሱቅ ሠርቶ አንዱን ራሱ ነግዶበታል፣ ሌላውን አከራይቷል። ሰንጠረዡ ላይ ይህ ሁሉ የካሬ ሜትር ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል።

አብዛኛው ሰው ስለ ሐራጅ የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ዕዳው አልተከፈለም፣ ባንኩ ቤቱን ሸጠ። ከሽያጩ በኋላ ስላለው ሕይወት የሚያወራ ግን እምብዛም የለም። ቤቱን ያጣው ሰው ዱቤ ያገኛል? ዕቁብ ይገባል? ባንክስ እንደገና ያበድረዋል? የዚህ ዘገባ ጉዳይ እሱ ነው።

ፍርድ ቤት ሳይገባ የሚካሄድ ሽያጭ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አበዳሪ ሕጉ ያስቀመጠውን ሥርዓት ሳይከተል የመያዣውን ቤት ራሱ እንዲሸጥ የሚደረግ ስምምነትን አይቀበልም። ዓላማው ተበዳሪውን መጠበቅ ነበር፤ ገንዘብ የጨነቀው ሰው ያስፈረሙትን ሁሉ ይፈርማልና። ነገር ግን ክሱ፣ ይግባኙና አፈጻጸሙ ዓመታት እየፈጀ ባንኮች ገንዘባቸውን ማስመለስ ተቸገሩ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች ብቻ የተለየ መንገድ ከፈተ። በብድር ውሉ ላይ ስምምነት እስካለ ድረስ ባንኩ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል፤ ባለቤትነቱንም ለገዢው ያስተላልፋል።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። የባንኩ መሐንዲስ ቤቱን ይገምታል፤ መነሻ ዋጋ ይወጣል፤ ማስታወቂያው በጋዜጣ ይታተማል። ተጫራቾች የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ ያስይዛሉ፤ ያሸነፈው ቀሪውን አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ ከፍሎ ያጠናቅቃል። በመጀመሪያው ሐራጅ ገዢ ከጠፋ ሁለተኛ ይወጣል፤ በዚያም ከጠፋ ባንኩ ራሱ ቤቱን ሊረከበው ይችላል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሸጠው ቤቱና በቦታው ላይ ያለው የይዞታ መብት ነው።

ጠበቆች ደጋግመው የሚገጥማቸው ሰው ማስጠንቀቂያው ሲደርሰው ሳይሆን የሐራጁ ቀን ሲቃረብ እየሮጠ የሚመጣ ነው። ያኔ ፍርድ ቤት ሐራጁን ያግድልኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። አዋጁ የተዘጋጀው ግን ሽያጩ እንዳይጓተት ነው፤ ባንኩ ሥርዓቱን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ለተበዳሪው ተለይቶ የቀረበለት መፍትሔ ካሳ መጠየቅ ነው። ካሳ ደግሞ ቤቱ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

መንገድ ሲዘጋ

አሶሳ ላይ በመያዣ የሚሸጠው ቤት አብዛኛውን ጊዜ በብድር የተገዛ ቤት አይደለም። በሌላው ዓለም ሰው ለቤት ተበድሮ ቤቱን ያጣል፤ እዚህ ግን ሰው ለዕቃ፣ ለመኪና፣ ለእርሻ ወይም ለሆቴል ተበድሮ፣ በጥሬ ገንዘብ ቀስ በቀስ የሠራውን ቤት ያጣል። ስለዚህ ቤቱን የሚያስወስደው የደመወዝ መቋረጥ ሳይሆን የንግድ መቆም ነው፤ በዚህ ክልል ደግሞ ንግድ የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ የሚመጣው ዋናው መንገድ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ ያልፋል። ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ችግር ይህን መንገድ እየዘጋና እየከፈተ ነጋዴውን አንገላቶታል። ብረታ ብረት ወይም ዘይት የጫነ መኪና መንገድ ላይ ሲቀር፣ ወይም ሾፌር አልሄድም ሲል፣ ሱቁ ባዶ ይሆናል። የባንኩ ወለድ ግን በየቀኑ ይታሰባል። በምዕራብ በኩል የኩርሙክ ድንበር ለሱዳን ንግድ መውጫ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ እዚያ በዱቤ ዕቃ የሰጠ ነጋዴ ገንዘቡን ከማን ይጠይቅ?

«ሱቁ ባዶ ይሆናል። የባንኩ ወለድ ግን በየቀኑ ይታሰባል።»

የክልሉ የካማሺና የመተከል ዞኖች ነገር ከዚህም የከፋ ነው። ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ካማሺ ውስጥ፣ ከዚያም በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ በተፈጸመው ግድያና መፈናቀል ሰዎች ቤታቸውን፣ ሰብላቸውንና ከብታቸውን ጥለው ሸሹ። ከእነዚህ መካከል ባለዕዳዎች ነበሩ። ነፍሱን ለማዳን የሮጠ ሰው የብድር ውሉን ይዞ አልወጣም። ማስጠንቀቂያው ደግሞ በውሉ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ነው የሚላከው፤ ሰውየው ከዚያ አድራሻ ከጠፋ ቆይቷል።

የእርሻ ባለሀብቶችም አሉ። ለሰሊጥ፣ ለአኩሪ አተርና ለማሽላ ሰፋፊ መሬት የወሰዱ፣ ትራክተር በብድር የገዙ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በ2011 ዓ.ም. ግድም የተበላሸ ብድሩ ከጠቅላላው ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ እንደነበር ይታወቃል፤ ከዚያ ክምር ውስጥ በጋምቤላና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዝናብ ተጠብቆ የታረሱ እርሻዎች ብድር ይገኝበታል። ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያዋሉ እንደነበሩ አይካድም። በቅንነት አርሰው የከሰሩትን ከእነሱ ጋር በአንድ ጆንያ መክተት ግን ግፍ ነው፤ የባንክ መዝገብ ሁለቱን አይለይም።

ከሐራጁ የሚተርፈው

ብዙ ሰው ቤቱ ከተሸጠ ዕዳው ያለቀ ይመስለዋል። ያላለቀበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋናው ዕዳ፣ ወለዱ፣ መቀጫውና የሐራጁ ወጪ ተደምሮ 2 ሚሊዮን ብር ደርሷል እንበል። ቤቱ በ1.4 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ 600 ሺህ ብሩ በሰውየው ላይ ይቀራል። ባንኩ ይህን ቀሪ ገንዘብ እንደማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ ከስሶ ሊያስፈርድበት ይችላል፤ በተቃራኒው ቤቱ ከዕዳው በላይ ካወጣ ትርፉ ለባለቤቱ ይመለሳል። ትርፍ እንዳለው ሳያውቅ ተስፋ ቆርጦ ከተማ ለቆ የሄደ ባለቤት ሊኖር ይችላል፤ ቀሪ ዕዳ እንዳለበት ሳያውቅ ከዓመታት በኋላ ሌላ ባንክ ሄዶ የሚያፍር ደግሞ አለ።

ዋጋው ለምን ዝቅ ይላል? የከተማው ሽማግሌዎች የሚሰጡት ምክንያት ያሳዝናል። በትንሽ ከተማ ጎረቤት የጎረቤቱን ቤት በሐራጅ መግዛት ይከብደዋል። ነገ በለቅሶ ላይ አብሮት የሚቀመጠውን፣ በዒድና በገና ቤቱ የሚገባውን ሰው ከግቢው ያስወጣ መባልን አይፈልግም። ስለዚህ አቅም ያለው ሁሉ ይርቃል፤ የሚመጣው ከሩቅ ያለ፣ ሰውየውን የማያውቅ ገዢ ነው፤ እሱም ተፎካካሪ እንደሌለው ስለሚያውቅ ከመነሻው ብዙ አይወጣም። እንዲህ ያለው ርኅራኄ ዞሮ ባለዕዳውን ይጎዳል። ጎረቤቱ ሐራጁ ላይ ቢገኝና ቢፎካከር ኖሮ የሚቀረው ዕዳ ባነሰ ነበር።

«አቅም ያለው ሁሉ ይርቃል፤ የሚመጣው ከሩቅ ያለ፣ ሰውየውን የማያውቅ ገዢ ነው።»

ከዚህ የሚሻል መንገድ አለ፤ ሆኖም ከማስጠንቀቂያው በፊት ወይም በ30 ቀኑ ውስጥ ካልተያዘ ያመልጣል። ባለቤቱ ራሱ ገዢ ፈልጎ በገበያ ዋጋ ይሸጣል፤ ገዢው ገንዘቡን በቀጥታ ለባንኩ ይከፍላል፤ ባንኩ በቤቱ ላይ ያለው የመያዣ እግድ እንዲነሳ ለማዘጋጃ ቤቱ ይጽፋል። የባንክ ብድር ሠራተኞች ይህን መንገድ ይወዱታል፤ ሐራጅ ለእነሱም ራስ ምታት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ተበዳሪው ቀድሞ ሄዶ መቸገሩን መናገሩ ነው፤ ሰው የሚሸሸውም ይህንኑ ነው። ስልክ ያጠፋል፣ የባንኩን ሠራተኛ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፣ ሚስቱን የለም በዪ ይላል። እኔ የገባኝ፣ በዚህች ከተማ ሰውን ይበልጥ የሚያጠፋው ቤቱን ማጣቱ ሳይሆን በነዚያ ወራት ዝም ማለቱ መሆኑ ነው። መንገድ ተዘግቶበት የከሰረን ነጋዴ ሰው ያዝንለታል፤ የተደበቀውን ግን አበዳሪም ገበያም ይሰጋዋል።

ቀድሞ የሄደ ሰው ከሽያጭ ሌላም ሊጠይቅ የሚችለው ነገር አለ፤ የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ። በአብዛኛው ብድር ላይ ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ባንኮች የተበላሸ ብድር ብለው ይመድቡታል፤ ባንኩም ከራሱ ትርፍ ላይ መጠባበቂያ ለመያዝ ይገደዳል። ከ90 ቀኑ በፊት የቀረበ ጥያቄና ከዚያ በኋላ የቀረበ ጥያቄ ባንክ ውስጥ አንድ ዓይነት ጆሮ አያገኙም።

መዝገቡ

ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ባንኮች የየተበዳሪውን ታሪክ ወደዚያ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም ከዚያ ይጠይቃሉ። አሶሳ ላይ ከአንድ ባንክ የወሰዱት ብድር ከተበላሸ ባሕር ዳር ያለው ሌላ ባንክ ያየዋል። ነጋዴዎች «ብላክ ሊስት ገባ» የሚሉት ይህንን ነው። አንዳንዶች በልጃቸው ወይም በወንድማቸው ስም ንግድ ፈቃድ አውጥተው ለማለፍ ይሞክራሉ። ባንኮች ፋይዳ የተባለውን ዲጂታል መታወቂያ እየጠየቁ በመጡ ቁጥር ይህ መንገድ እየጠበበ ነው፤ ያለ ጥፋቱ የሌላ የቤተሰብ አባልን ስም ማስጠቆርም በበኩሉ ነውር ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ አሜሪካን አገር በ2008 እ.ኤ.አ. ቀውስ ቤታቸውን በባንክ ያጡ የእኛው ሰዎች ነበሩ። እዚያ የቤት መወረስ በብድር ታሪክ ላይ 7 ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ በሕግ ይሰረዛል። በመንግሥት ዋስትና ለሚሰጠው የቤት ብድር ደግሞ በመደበኛው 3 ዓመት መጠበቅ ይበቃል። ሰውየው ትንሽ ብድር ወስዶ በወቅቱ እየከፈለ ይጠብቃል፤ ጊዜው ራሱ ይሠራለታል። አሶሳ ላይ ያለ ሰው ጊዜን ብቻ ቢጠብቅ ትርፍ የለውም። ቀሪ ዕዳው ካልተዘጋ ከዓመታት በኋላም ባንኩ የሚያየው ያንኑ ያልተዘጋ ብድር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ባንኩ ሄዶ ከሐራጁ በኋላ ያለውን ሒሳብ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ስንት ተሸጠ፣ ከዚያ ላይ ምን ምን ተቀነሰ፣ ስንት ቀረ። ቀሪ ካለ በየወሩ የሚከፈልበት ስምምነት መፈረም፤ በአንዴ ለመክፈል አቅም ከተገኘ መቀጫው እንዲቀነስ መደራደር፤ መጨረሻ ላይ ከዕዳ ነጻ የሚል ደብዳቤ መቀበልና ብድሩ በማዕከሉ ተዘጋ ተብሎ መመዝገቡን ማረጋገጥ። ባንኮች ይህን የሒሳብ ዝርዝር ሳይጠየቁ ለባለዕዳው ሊሰጡት ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቤቱን ያጣ ሰው ያንን በር ዳግመኛ ለማንኳኳት ወኔ አይኖረውም፤ ወረቀቱ ግን የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

የዕቁቡ የመጨረሻ ዕጣ

ባንኩ መዝገቡን ሲያይ ገበያው ሰውየውን ያያል። የአሶሳ ነጋዴ ከባንክ ብድር ይልቅ በዱቤ ነው የሚኖረው፤ አከፋፋዩ ዕቃ ይሰጠዋል፣ ሸጦ ይከፍላል። ሐራጅ የወጣበት ሰው መጀመሪያ የሚቋረጥበት ይህ ዱቤ ነው። መጀመሪያ የሚመለስለትም እሱ ነው።

የሚመለሰው በዕቁብ በኩል ነው። የዕቁብ ዳኞች ስሙ የወደቀን ሰው ሁልጊዜ አይከለክሉም፤ የሚከለክሉት ቀድሞ እንዳይወስድ ነው። ዕጣው ቶሎ ቢደርሰው ዋስ ይጠየቃል፤ እሱ ደግሞ ዋስ የሚሆነው አያገኝም። ስለዚህ መጨረሻ ልውሰድ ብሎ ይገባል። መጨረሻ የሚወስድ ሰው በሌሎቹ ሳምንታት ሁሉ የሚያበድር እንጂ የሚበደር አይደለም፤ ማንንም አያሰጋም። አንድ ዙር ሳያጓድል ከጨረሰ በሚቀጥለው መሐል ላይ ይወስዳል፤ ከዚያ ዋስ ያገኛል። የዕቁቡ አባላት ደግሞ አከፋፋዮች፣ ባለ ሆቴሎችና ባለ መኪናዎች ናቸው። በየሳምንቱ ሲጥል ያዩታል። ከእነሱ አንዱ ነው ከጊዜ በኋላ ሃያ ካርቶን ዘይት ያለ ቼክ የሚሰጠው።

«መጨረሻ የሚወስድ ሰው የሚያበድር እንጂ የሚበደር አይደለም፤ ማንንም አያሰጋም።»

ከዕቁብ ወደ መደበኛው ብድር የሚያሻግሩ መንገዶች ጠባብ ቢሆኑም አሉ። ክልሉ የራሱ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማይክሮፋይናንስ ተቋም አለው፤ የማይክሮፋይናንስ ብድር ቤት ለሌለው በቡድን ዋስትና ሊሰጥ ይችላል፤ አባላቱ አንዱ ለሌላው ይቆማሉ። እዚህ ላይ የባለዕዳው ሚስት የምትበደርበት ሁኔታ ይኖራል። ቤቱ የጋራ ስለሆነ በመያዣ ውሉ ላይ ፈርማለች፤ ጠበቆች የሚመክሩት ታዲያ የፈረመችው ተበዳሪ ሆና ነው ወይስ በመያዣው ብቻ ተስማምታ ነው የሚለውን ውሉ ላይ እንድታይ ነው። ተበዳሪ ካልነበረች የራሷ ታሪክ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የጓሮ አትክልት ወይም የማንጎ ንግድ በራሷ ስም መጀመር ትችላለች። ይህ በወንድም ስም እንደመደበቅ አይደለም፤ ሥራውም ዕዳውም የራሷ ነውና።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም ከብት፣ ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃ፣ መያዣ ሆኖ እንዲመዘገብ ፈቅዷል። ቤት ላጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ብዙ አበዳሪ አሁንም ካርታ አለህ ወይ ብሎ ይጀምራል። የበርታ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም እንደመሆኑ ከወለድ ነጻ አገልግሎትም አሶሳ ላይ ብዙ ፈላጊ አለው። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ለነጋዴው ይሸጥለታል። ገንዘቡ በነጋዴው እጅ ስለማያልፍ፣ ታሪኩ የተበላሸን ሰው በዚህ መንገድ መሞከር ለባንኩ የሚቀል ይመስለኛል። ቢሆንም መያዣ አይቀርም፤ ካልተከፈለም መያዣው ይሸጣል።

ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር መላ አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ያለ መያዣ የሚሰጠው ትንሽ ብድር። መጠኑ በአጠቃቀምና በአከፋፈል ይወሰናል። አንድ ሰው ለሱቁ ስኳርና ሳሙና ይገዛበታል፣ በቀኑ ይመልሳል። ለትልቅ ንግድ አይሆንም፤ በቀን የመክፈልን ልማድ ግን ይመልሳል። ትልቁን ብድር የሚጠብቅ ሰው ይህም ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ ጣሪያው ቆይቶ ከፍ ቢልም፣ ባንክ የሚያበድረው ሲያንስ ቀድሞ የሚቀረው ታሪኩ የጎደፈው ሰው ነው።

ሁለተኛው ዓምድ

«የተበዳሪው ስም» እና «የመያዣ ሰጪው ስም» ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም። ለወጣቱ ነጋዴ ካርታውን ያስያዘለት አባቱ ነው፤ ወይም ታላቅ ወንድሙ፣ ወይም ባሏ የሞተባት እናቱ። ቤቱ ሲሸጥ ከግቢው የምትወጣው እናት ናት። ሕጉ ቤቱን ለሌላ ሰው ዕዳ ያጣ ሰው ከባለዕዳው እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። እናት ግን ልጇን አትከስም። ወንድምም አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌ ይልካል እንጂ ክስ አይጽፍም።

ያነጋገርኳቸው ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣላቸው ቀሪውን የባንክ ዕዳና የቤተሰቡን ዕዳ ጎን ለጎን ያስቀምጡታል። ሰውየው ባንኩን ብቻ ከፍሎ ስሙን ቢያጸዳ፣ ወንድሙ በኪራይ ቤት እየኖረ፣ ገበያው አይቀበለውም። ወንድሙን ብቻ ቢከፍል ባንኩ ይከሰዋል። ስለዚህ በየወሩ ለሁለቱም ይከፈላል፤ ለወንድም የሚሰጠው በምስክር ፊት ይሰጣል፣ በደብተር ይፈረማል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አከፋፋይ ነጋዴ ነበር። ዱቤ ልስጠው አልስጠው ብሎ ሲያመነታ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሱቁ ሽያጭ ሳይሆን ለዚያ ደብተር የዚህ ወር ተከፍሎ እንደሆነ ነው።